ክሩ እስኪታሰር

ስልኩ የጮኸው ዓርብ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ምስር እየለቀምኩ ነበር። ከህንድ ሲደወል መጀመሪያ ሹሽታ ይመጣል፣ ከዚያ የራስን ድምፅ መልሶ ያሰማል። «ሃሎ» አልኩ፤ የራሴ «ሃሎ» ተመለሰችልኝ። ቀጥሎ የባሌ ታናሽ ወንድም ሻንሙጋም ማልቀስ ጀመረ።

«መቼ ነው?» አልኩት።

«አሁን፣ ሁለት ሰዓት ቢሆነው ነው። ውሃ ስጡኝ አለች፣ ይዘን ስንገባ የለችም። እትዬ፣ ወንድሜን አገናኚኝ።»

«ሥራ ላይ ነው።»

«እዚያው ልደውልለት?»

«እንዳትደውል!» ጮህኩ መሰለኝ፤ ድምፄ ከባሕር ማዶ ተመልሶ ሲመጣ ጆሮዬን አመመኝ። «ሻንሙ፣ ስማኝ። እዚህ ላለ ለማንም ሰው እንዳትደውል። እኔ እነግረዋለሁ።»

የዛሬው ቀን ምን እንደሆነ እሱም ያውቃል። «እሳቱን ማን ይለኩስ?» አለኝ። የእናት አስከሬን የሚቃጠልበትን እሳት የሚለኩሰው ታላቅ ልጅ ነው።

«አንተ ለኩስ። ዛሬ ቢነሳም አይደርስም።»

ስልኩን ዘጋሁና ምስሬን መልቀም ቀጠልኩ። ሁለት ጠጠር አገኘሁ። አማቴ ቫሊያማይ በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ክፉ ቃል ያልወጣቸው፣ ስወልድ ስድስት ወር ሙሉ ከጎኔ ያልተለዩ ሴት ናቸው። ሞቱ ስባል እኔ ሁለቱን ጠጠር ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩ። ምንም አልተሰማኝም።

በእኛ ዘንድ የሞት ርኩሰት ሰውን የሚይዘው ሟቹ ሲሞት ሳይሆን ዘመዱ ሲሰማ ነው። የሰማ ሰው ከነልብሱ ይታጠባል፣ ዐሥር ቀን ቤተ መቅደስ አይረግጥም፣ ቤቱ ውስጥ ያለውን የአምላክ መብራት አይነካም። እናትና አባት ከሆኑ ደግሞ ዓመት ቆይቶ ቢሰማ እንኳ ዐሥሩ ቀን ከሰማበት ይቆጠራል። ያልሰማ ንጹሕ ነው። ይህን ደንብ ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ ስልክ ከመፈጠሩ በፊት የኖረ ሰው መሆን አለበት።

እኔ ሰምቻለሁ። ተነሥቼ ከነሳሪዬ ሻወሩ ሥር ቆምኩ። ጠዋት የታጠብኩት ጸጉሬ እንደገና ራሰ። ሳሪዬን ጨምቄ ምድር ቤት ገመድ ላይ ሰቀልኩት፣ ሌላ ለበስኩ፣ ወደ ወጥ ቤት ተመልሼም የስልኩን ገመድ ከግድግዳው ነቀልኩ።

ባሌ ታኒካቻላም ይባላል። በጽሑፍ ስለሆነ ነው ደፍሬ የጠራሁት፤ በአፌ አንድም ቀን ጠርቼው አላውቅም። እኔ ባደግሁበት ቤት ሚስት የባሏን ስም አትጠራም፣ አንተም አትለውም። ስፈልገው «ይሰማሉ?» ነው የምለው። ከደረጃ ሥር፣ ከገበያ ማዶ፣ ከእንቅልፍ ስቀሰቅሰውም «ይሰማሉ?» ነው። በልቤ ግን ከሠርጌ ማግሥት ጀምሮ አንተ ነው፤ በልቤ የምለውን ሁሉ ቢሰማ ኖሮ ሠላሳ ዓመት አብረን አንቆይም ነበር።

ኢንጂነር ነው። እዚህ ኦሃዮ ውስጥ የፋብሪካ ክሬን በሚሠራ ድርጅት ሃያ ስምንት ዓመት አገልግሏል። ሥራው ከባድ ነገር ሲነሣ ቀድሞ የቱ ጋ እንደሚሰበር ማወቅ ነው። ቤት ውስጥም ጠባዩ ያው ነው፤ ከመቀመጡ በፊት የወንበሩን እግር ነቅነቅ ያደርጋል። ልጃችን ስትዳር የድንኳኑን ካስማ ሲፈትሽ የቤተሰቡ ፎቶ አመለጠው። ወንድሙን አስተማረ፣ ሁለት እኅቶቹን ዳረ፣ የልጃችንን ፈተና ከእርሷ ጋር ተቀምጦ አጠና፤ ከዚህ ሁሉ በተረፈው ሰዓት ቤተ መቅደስ ሠራ።

ነገሩ የጀመረው ከአገር በወጣ ቀን ነው። እናቱ በር ላይ ይዘውት፣ «እዚያ እኮ ሙሩጋን የለም። ማን ይጠብቅሃል?» አሉት። ሙሩጋን የቤተሰቡ አምላክ ነው። «ቤት እሠራለታለሁ» አላቸው። የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበር፤ አውቶቡሱ እንዳያመልጠው አፉ ላይ የመጣለትን ነው የተናገረው። እሳቸው ግን አልረሱትም። እሑድ እሑድ ጠዋት ሲደውል ስለ ጤናው ከመጠየቃቸው በፊት «ጣሪያው ደረሰ?» ይሉታል። ገና መሬቱ ሳይገኝ ጀምሮ ጣሪያውን ጠይቀውታል።

መሬቱ የበቆሎ እርሻ ነበር። ስምንት ዓመት ፈጀ። ምእመኑ ከየቋንቋው የተሰበሰበ ህንዳዊ ነው፤ የታሚሉ ወገን፣ የእኛ፣ እንዲህ ይሁን ሲል የቴሉጉው ወገን አይሆንም ሲል፣ ጉጅራቶቹ ሲያኮርፉ፣ ሲታረቁ፣ በመጨረሻ ሙሩጋን ከህንድ፣ ከማድራስ ከተማ በመርከብ መጣ፤ አንድ ቶን ተኩል የሚመዝን፣ በምስሉ የተቀረጸ ጥቁር ድንጋይ። የሚተከልበትን ሰዓት የቆጠሩት ኮከብ ቆጣሪዎች እሑድ ከሦስት ሰዓት ከዐሥር እስከ አራት ሰዓት ከሃያ ነው አሉ፤ ካለፈ የሚቀጥለው ከዓመት በኋላ ነው።

ድንጋዩን የሚያነሡ የአሜሪካ ሠራተኞች መጥተው አይተው ነበር። «ቦት ጫማ ሳናደርግ አንሠራም፣ ሕጉ ነው» አሉ። የጉባኤው ሊቀ መንበር ዶክተር ሱባራዩዱ የልብ ሐኪም ነው፣ ነገር ቶሎ እንዲያልቅለት ይወዳል። «አንድ ቀን አይደል? በኋላ አጥበን እንባርከዋለን» አለ።

ባሌ፣ በስብሰባ ላይ ተናግሮ የማያውቅ ሰው፣ ተነሣ። «መቅደሱ ውስጥ በጫማ የገባ ሰው ካቆመው፣ እኔ ፊቱ አልቆምም» አለ።

«ታዲያ ማን ሊያቆመው ነው? የእናንተ አምላክ ራሱ ዘሎ ይወጣል?» አለው ዶክተሩ።

«እኔ አቆመዋለሁ። ስምንት ሰው በባዶ እግር ስጡኝ።»

ሰጡት። አንዱ የጥርስ ሐኪም፣ ሦስቱ ኮምፒውተር ላይ የሚውሉ፣ አንዱ ነጋዴ፣ የቀሩትም እንደነሱ፤ ከማንኪያ የከበደ ነገር ያነሣ አንድም የለባቸውም። አራት ወር ሙሉ ጋራዣችን ውስጥ የተበላሸ ልብስ ማጠቢያ ማሽን በድንጋይ ሞልቶ በእጅ በሚሳብ ሰንሰለት ሲያስነሣቸውና ሲያስወርዳቸው ከረመ። የጥርስ ሐኪሙ ሰንሰለቱ ጣቱን ሲቆነጥጠው እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሌላም ጣጣ ነበር። ድንጋዩ በቀበቶ ታስሮ መቀመጫው ላይ ሲያርፍ ቀበቶው ከሥሩ ተይዞ ይቀራል፣ ቢጎተት ድንጋዩን ያዛባዋል። ባሌ መፍትሔ አገኘ፤ በረዶ። ድንጋዩ መጀመሪያ በአራት ጡብ በረዶ ላይ ያርፋል፣ ቀበቶው ይወጣል፣ በረዶው ቀስ ብሎ ሲቀልጥ ሙሩጋን ቦታው ላይ ይቀመጣል። በስንት ደቂቃ እንደሚቀልጥ ለማወቅ አንድ ወር ሙሉ የመታጠቢያ ገንዳችን ውስጥ በረዶ ሲያቀልጥ ኖረ፣ እኔም በባልዲ ስታጠብ።

ይህን ሁሉ የማወራው እሱ በሌለበት ሥራው እንደማይሠራ እንዲታወቅልኝ ነው። ዓርብ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ካህኑ እጁ ላይ ቢጫ ክር ያስርለታል። ክሩ የታሰረለት ሰው ሥርዓቱ እስኪያልቅ ከዚህ ዓለም ወጣ ማለት ነው፤ ሞት እንኳ አይነካውም። ከክሩ በኋላ መርዶውን ቢሰማ ይችላል፣ ሥራውን ጨርሶ ያለቅሳል። ከክሩ በፊት ከሰማ ግን ደጅ ይቀራል። እኔ ዝም ማለት የነበረብኝ ስድስት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ስድስት ሰዓት ተኩል ዝም ማለት ያቃታት ሚስት ትኖራለች?

የስልኩን ገመድ መልሼ ሰካሁና ካህኑ ዘንድ ደወልኩ። ወጣት ነው፣ ቪሽዋናታን ይባላል።

«አንዲት ወዳጅ አለችኝ፣ ሲንሲናቲ የምትኖር» አልኩት። «ባሏ ዛሬ ክር ሊታሰርለት ነው። እሷ አንድ መጥፎ ወሬ ሰማች። እሱ አልሰማም።»

ከኋላው ኮኮናት ሲሰበር ይሰማል። «ዛሬ ሲንሲናቲም ክር አለ እንዴ?» አለ።

«አለ።»

«እንግዲያስ ለወዳጅዎ ይንገሯት። ባልየው አሥራ ሁለት ሰዓት እስኪሆን አይስማ። እሷ ግን ሰምታለችና ከመቅደሱ በር አትለፍ፣ መብራቱንም አትንካ። ስልኩን ደግሞ ትንቀለው።»

«ሳይነገረው ቢያውቅስ?»

«ደንቡ መስማት ነው የሚለው፣ እማማ። ስለ ማወቅ ምንም አይልም» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔም አልሰማሁም እሺ?»

ባሌ አሥር ሰዓት ላይ መጣ። ታጠበ፣ ነጭ ሽርጡን አገለደመ፣ ግንባሩን የተባረከ አመድ ተቀባ። ደረጃውን ሲወርድ ያፏጫል፤ ሲያፏጭ ሰምቼው አላውቅም። የኮት ቁም ሳጥን የነበረውን፣ አሁን አምላኮቻችን የሚቀመጡበትን በር ከፈተ። ሁልጊዜ ዓርብ ከሥራ ሲገባ መብራቱ በርቶ ነው የሚያገኘው። ካለፉት አራት ዓመታት ወዲህ፣ ታምሜም ቢሆን፣ አንድ ዓርብ አላጎደልኩም።

«መብራቱስ?» አለ።

መልሱን አዘጋጅቼ ነበር። «እኔ ዛሬ ከደጅ ነኝ» አልኩት። የወር አበባ ሲመጣ እንዲህ ነው የምንለው፤ ያን ጊዜም መብራት አይነካም።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ነው ሞኝነቴ የታየኝ። ካቆመ አራት ዓመቱ ነው። ሲቆም በሽታ መስሎኝ ስንቀጠቀጥ ሐኪም ዘንድ የወሰደኝ እሱ ነው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ልዋሽ ብዬ፣ ዋሸሁት እንኳ የማይባል ውሸት ዋሸሁ።

አየኝ። እርጥብ ጸጉሬን አየ። ከዚያ ዓይኑ ወደ ግድግዳው ሄደ፤ የስልኩ ገመድ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። ይህ ሰው ሦስት ምልክት አይቶ የሚሰበረውን ነገር በማወቅ ነው እንጀራውን የሚበላው። ፊቱ ላይ አንድም ነገር አልተነቃነቀም።

«ስልኩ…» አለና አፉን ዘጋው።

ከዚያ ክብሪቱን አነሣ። መብራት ለኩሶ አያውቅም፤ ሦስት እንጨት ጨረሰ፣ የመብራቱን ፈትል ከመጠን በላይ ስቦት ጢሱ የአምላኮቹን ፊት አጠቆረው። እጁን አጋጥሞ ቆመ። ምን ብሎ እንደጸለየ አላውቅም።

«እንግዲያስ አንቺ አትገቢም» አለኝ ጀርባውን እንደሰጠኝ።

«ደጅ እቆማለሁ።»

«ጃንጥላ ያዢ። ይዘንባል ተብሏል።»

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከቤተ መቅደሱ ደጅ፣ የጫማ መደርደሪያው ጋ ቆሜ በተከፈተው በር አየሁት። ቀኝ እጁን ዘረጋ። ካህኑ ክሩን ሦስት ጊዜ ጠምጥሞ አሰረው። ሲጨርስ ባሌ አንገቱን አቅንቶ ወደ እኔ አየ፣ ወዲያው ዓይኑን ሰበረ። እኔ ግን ደስ አለኝ። አለቀ፣ አሁን እነግረዋለሁ፣ እቅፍ አድርጌው እነግረዋለሁ አልኩ።

መኪና ውስጥ ገባን። «ይሰማሉ?» አልኩት።

ሬዲዮኑን ከፈተ። የኳስ ጨዋታ ነበር። ኳስ በየት በኩል እንደሚገባ የማያውቅ ሰው ድምፁን እስከ መጨረሻው ጨመረና እስከ ቤታችን እያዳመጠ ነዳ። ያን ጊዜ ገባኝ። ክሩ ከመታሰሩ በፊት አውቋል። ክሩ የታሰረው በሚያውቅ ሰው እጅ ላይ ነው። አሁን ብነግረው ሁለታችንም ያንን አመንን ማለት ነው። ስለዚህ አልሰማም አለ፤ ለእኔም ዝምታውን አካፈለኝ። በጣም ተናደድኩበት። እስከ ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል።

እሑድ የመቅደሱን የጭነት በር ከፍተውት ስለነበር ከመኪና ማቆሚያው ሆኜ ሁሉንም አየሁ። ባዶ እግራቸውን ስምንቱ ሰዎች ሰንሰለቱን ይዘዋል። ባሌ መሐል ቆሟል። አይጮኽም፤ በጣቱ ብቻ ነው የሚያዝዘው፤ አንድ ጣት፣ ሁለት ጣት፣ ቁም። ድንጋዩ ተነሣ፣ ተንሳፈፈ፣ በረዶው ላይ አረፈ። ቀበቶው ወጣ። ሴቶቹ እልል አሉ። ባሌ ተንበርክኮ ጆሮውን ወደ ድንጋዩ ሥር አስጠጋ፤ በረዶው ሲሰነጠቅ ይሰማል መሰለኝ። ካህኑ ከተቀደሰው ማሰሮ ለብ ያለ ውሃ እያፈሰሰ አርባ ደቂቃ ሄደ። አራት ሰዓት ከአምስት ላይ ባሌ ብድግ አለ። «ተቀመጠ» አለ። ሌላ ምንም አላለም።

ሰዉ አበደ። ዶክተር ሱባራዩዱ አቅፎ አነሣውና፣ «አንተ ሰውዬ! አንተ ግሩም ኢንጂነር!» እያለ ይዞት ዞረ። «ፊልሙን ቀርጸነዋል፣ የመጀመሪያው ካሴት ለእናትህ ነው! አሁን ግባ፣ የመጀመሪያውን አበባ አንተ ነህ የምታቀርብ።»

«መኪኖቹን ላስተካክል፣ መውጫውን ዘግተዋል» አለና ወጣ። በአጠገቤ ሲያልፍ አላየኝም።

ከዚያ ወዲያ ከጫማው መደርደሪያ አልፎ አያውቅም። ከተከላው በኋላ አርባ ስምንት ቀን የሚቀጥል ጸሎት አለ፣ ክሩም እስከዚያ ሊቆይ ይችላል። በየቀኑ ከሥራ ሲወጣ ይሄዳል፤ ግን ደጅ ነው። የመኪና ማቆሚያውን መስመር ይቀባል፣ የዝናቡን ቦይ ይጠርጋል። ጉባኤው «ይኸ ነው ትሕትና» አለ። ለልጆቻቸው ምሳሌ አድርገው ያሳዩታል። እኔ ዐሥሩ ቀኔ ሲያልቅ ገባሁ። ቆሜ ሙሩጋንን አየሁት። መልከ መልካም ነው። ምንም ልለው አልቻልኩም።

ሻንሙጋም ይደውላል፣ ባሌ ሥራ ላይ ሲሆን።

«ነገርሽው?»

«ያውቃል።»

«ታዲያ ለምን አይደውልልኝም? እሳት የለኮስኩት እኔ እኮ ነኝ። ብቻዬን ነበርኩ እትዬ።»

«ክር አስሯል፣ ሻንሙ። ትንሽ ታገሥ።»

እሑድ ጠዋት፣ እናቱ ጋ ይደውልበት በነበረው ሰዓት፣ ስልኩ አጠገብ ይቀመጣል። አይነካውም። የሣር ማጨጃውን መመሪያ ያነባል፤ ማጨጃውን ከገዛነው ስድስት ዓመት ሆኖታል። ሩዝ በእርጎ አቀርብለታለሁ፣ ይበላል። ጨው ሳልጨምር አቀረብኩለት፣ በላ። ሁለት ጊዜ ጨው ጨምሬ አቀረብኩለት፣ በላ። እኔም እንደዚያው ሆንኩ። እጄ ይሠራል፣ እግሬ ይሄዳል፣ ጸጉሬን አበጥራለሁ፤ ውስጤ ግን ሰው የለቀቀው ቤት ነው። አንዳንድ ቀን ምድር ቤት ልብስ ሳጣጥፍ አስባለሁ፤ መብራቱን ብለኩሰው ኖሮስ? አንድ ክብሪት ነበር። ኃጢአቱ የእኔ ይሆን ነበር፣ እሱ ግን ንጹሕ ሆኖ ይገባ ነበር። እኔ ደንቤን ጠበቅሁ። አፌ ሳይናገር ያንን ያልበራ መብራት አናገርኩት። አንድም ቀን ግን አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ እመርጥ ነበር።

አርባ ስምንተኛው ቀን ደረሰ፤ ክር የታሰረላቸው ሌሎቹ ሁሉ ፈትተው ወንዝ ጣሉ። የእሱ እጁ ላይ ቀረ። ቢጫው ሄዶ የፋብሪካ ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል። «አይፈቱትም?» አልኩት አንድ ቀን። «ገና የሚቀር ሥራ አለ» አለኝ። ምንም የሚቀር ሥራ አልነበረም። ክሩ እስካለ ድረስ ሞት አይነካውም፣ ደንቡ እንዲያ ነው የሚለው፤ ክሩ ከተፈታ እናቱ ይሞታሉ።

ነሐሴ ውስጥ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ዶክተር ሱባራዩዱ ካሴቶቹን ይዞ በር ላይ መጣ። «አንዱ የአንተ፣ አንዱ የእናትህ» አለ። «አደራ እንዳታዘገይባት፣ አሮጊቷ ስምንት ዓመት ጠብቃለች!»

ባሌ ተቀበለው። «አመሰግናለሁ» አለ። ዶክተሩ ሄደ።

ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። የአሜሪካ ካሴት የህንድ ማጫወቻ ላይ እንደማይሠራ ያውቃልና መልሶ የሚቀዳ ሱቅ በስልክ ደብተር ውስጥ ፈለገ። ኮሎምበስ አንድ አገኘ፣ ያንኑ ቀን ነድቶ ሄዶ አስቀድቶ ተመለሰ፤ መንገዱ ደርሶ መልስ ሦስት ሰዓት ነው። ሲመለስ ካርቶን ቆረጠ። ካሴቱን በጋዜጣ ጠቀለለው፣ አራቱን ማዕዘን በወፍራም ፕላስተር አጠነከረ፣ ነቅነቅ አድርጎ ሰማው። ከዚያ የሥዕል እስክሪብቶውን አውጥቶ በዚያ ማኅተም በሚመስል ጽሑፉ አድራሻ መጻፍ ጀመረ። እኔ ከምድጃው ዘወር ብዬ አነበብኩት። ወይዘሮ ቫሊያማይ፣ ይላል። የመንገዱን ስም ጻፈ። የቤቱን ቁጥር ጻፈ።

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። ምድጃውን አጠፋሁ። የድንብላል ቅጠል የምቆርጥበትን መቀስ ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ፣ እጁን ያዝኩት። አልሳበውም። ክሩን ቆረጥኩት። ለመቆረጥ ምንም አላስቸገረም፤ በስብሶ ነበር።

«ይሰማሉ?» አልኩት።

ካርቶኑን አየ። ሬዲዮኑ ጓዳ ውስጥ ነው፣ መኪናው ጋራዥ ውስጥ ነው። የሚከፍተው ነገር አልነበረም።

«እሰማለሁ» አለ።

«እናትዎ አርፈዋል።»

«መቼ?»

«ሰኔ ላይ። ዓርብ። ውሃ ስጡኝ ብለው፣ ውሃው ሳይደርስላቸው። እሳቱን ሻንሙጋም ለኮሰ።»

«ለእኔ የነገርሽኝ መቼ ነው?»

«አሁን» አልኩት። «አሁን ነው የነገርኩዎት።»

ራሱን ነቀነቀ። የእስክሪብቶውን ክዳን ገጠመ፣ ቦታው አስቀመጠው። ተነሥቶ ከነሸሚዙ፣ ከነሰዓቱ፣ እስክሪብቶዎቹ ደረት ኪሱ ላይ እንደተደረደሩ ደረጃውን ወጣ። ውሃው ሲከፈት ሰማሁ። እኔ ቁም ሳጥኑ ጋ ሄጄ መብራቱን አጠፋሁና በሩን ዘጋሁ፤ እንደገና ዐሥር ቀን መቁጠር ልንጀምር ነው። ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ውሃው ብቻ ነበር። ቀጥሎ ድምፁ መጣ፣ ስድሳ ዓመት ሊሞላው የቀረበ ሰው ድምፅ አልነበረም።

«አማ» ይላል እናቱን። «አማ፣ ጣሪያው ደረሰ።»